ዘውድ ለመንጋጋዬ

«ጋሼ፣ ክራውን ያስፈልግዎታል» አለኝ ወጣቱ የጥርስ ሐኪም። ክራውን ማለት ዘውድ አይደል? «ልጄ፣ ዘውድ እኮ ከዚህ አገር በ1967 ዓ.ም. ወርዷል» አልኩት። አፌ በጥጥ ተወትፎ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ አልሳቀልኝም።

እውነቱን ለመናገር ቀልዱ የፍርሃት ነበር። ቀጥዬ ያልኩት «ንቀለውና ልገላገል» ነው። ይህችን ቃል የወረስኳት ከእናቴ ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጥርሷን ባመማት ቁጥር አስነቅላ ትመጣ ነበር። መንቀል ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ሽበት ሳይወርሳት ጥርሷ አለቀ። ቡና ሲፈላ ቆሎው ዞሮ እሷ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ትዘግንና አሽትታ ለኔ ታቀብለኛለች። ያኔ ስለምትወደኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሙ «እስቲ ያስቡበት» ብሎ ሸኘኝ። ለኔ ማሰብ ማለት ማንበብ ነው፤ የመምህርነት አመል አይለቅም። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ጥርስና ወርቅ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በጣሊያን ምድር ይኖሩ የነበሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ በጥርስ ዙሪያ የወርቅ ጥብጣብ ይጠመጥሙ ነበር። ከመቃብር የተገኙት አብዛኞቹ የሴቶች ናቸው። ስለዚህ ነገርዬው ሕክምናም ጌጥም ነበር ማለት ነው። እኛስ ብንሆን? በልጅነቴ የወርቅ ጥርስ ያላት ጎረቤታችን ሳቋ ከሌሎቹ ሴቶች ሳቅ ረዘም ይል ነበር።

ጥርሱ ያለቀበት ባለጸጋ ደግሞ የሰው ጥርስ ይገዛ ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ አፉ ውስጥ የቀረችው የራሱ ጥርስ አንዲት ብቻ ነበረች። የእንጨት ጥርስ ነበረው የሚባለው ተረት ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከብረታ ብረትና ከሰው ጥርስ የተሠራ ነበር። የርስቱ የሒሳብ መዝገብ በ1784 ለዘጠኝ ጥርስ ለጥቁሮች ገንዘብ መከፈሉን ያሳያል። እነዚያ ዘጠኝ ጥርሶች የማን አፍ ውስጥ እንደገቡ መዝገቡ አይናገርም። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው፦ ባሪያ የሆነ ሰው «ጥርሴን አልሸጥም» ማለት ይችል ኖሯል?

በ1815 በዋተርሉ ጦር ሜዳ ከወደቁት ወታደሮች አፍ ጥርስ እየተነቀለ ለገበያ ወጣ፤ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚል ስምም ተረፈ። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ ሰው ሆዱ እያዘነ ይስቃል ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን ግን ጥርስ የእውነት ባዳ ነበር።

የክራውን ታሪክ ከዚህ ገበያ መውጫው መንገድ ነው። ቻርልስ ላንድ የተባለ የዲትሮይት የጥርስ ሐኪም በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ የተረፈውን ጥርስ የሚያለብስ የፖርሴሊን ሽፋን ሠራ። ፖርሴሊን ማለት ሲኒያችን የሚሠራበት ነገር ነው። (በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ነው።) በ1907 ዊልያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ ለጥርስ የሚሆን ወርቅ ልክ እንደ ቀለበት በሰም ቅርጽ ማፍሰስን ለሙያው አስተዋወቀ። በ1943 ስዊድን ውስጥ ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣ ተፈጠረ። እናቴ የፈራችው ጉጠት ነው፤ እኔ ግን የፈራሁት ያለፈ ዘመንን ነበር።

ተመለስኩ። ምን እንደሚጠብቃችሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ራጅ ይነሣል፤ ነርቩ ከተጎዳ አስቀድሞ የሥሩ ሕክምና ይደረጋል። ከዚያ ማደንዘዣ ትወጋላችሁ፤ መርፌው ትንሽ ይነድፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። ጥርሱ በዙሪያው ተሞርዶ ያንሳል፣ ልኩ ይወሰዳል፣ ጊዜያዊ ሽፋን ይደረግለታል። ከአንድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው መጥቶ ይለካል፣ ይጣበቃል። ስትነክሱ ከፍ ካለባችሁ አትፈሩ፣ ተናገሩ፤ ይስተካከላል። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛና ትኩስ ሊሰማችሁ ይችላል። ደግሞም ዘውድ ጫንኩ ብላችሁ መቦረሹን እንዳትተዉ፤ ሽፋኑ ባይበላም ከጠርዙ ሥር ያለው የራሳችሁ ጥርስ ይበላል።

ዋጋው? ከመንቀል እጅግ ይወደዳል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። «ንቀለው» የፍርሃት ቃል ብቻ አይደለችም፤ የኪስም ቃል ናት። ዛሬም ብዙ እናቶች ሊድን የሚችል ጥርስ የሚያስነቅሉት ታሪክ ሳያነቡ ቀርተው አይደለም። ጉድጓዱ ትንሽ ሳለ በጊዜ ማስሞላት ግን ከዘውዱም ይረክሳል፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ ሕመሙን የምንጠብቅ ሁሉ ይህን እናስብ።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ቆሎው እኔ ዘንድ ደረሰ። ሐኪሙ «በጠንካራ ነገር አይፈትኑት» ብሎኛል። ጥቂት ዘገንኩ፣ አሸተትኩ። ከዚያም ለማንም ሳላቀብል፣ ዘውድ ባልተጫነበት መንጋጋዬ ስለ እናቴ ቀስ ብዬ አኘክሁ።