የቃል ማብራሪያ፦ በቡድን የሚሰጥ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ

በጤናው ዘርፍ ሰነዶችና ሥልጠናዎች ላይ «ቲም ቤዝድ ፕራይመሪ ኬር» የሚለው ስያሜ እየተደጋገመ መጥቷል። በአማርኛ «በቡድን የሚሰጥ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ» ልንለው እንችላለን። የተለያየ ሙያ ያላቸው ጥቂት ባለሙያዎች፣ በስም ለሚያውቋቸው የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች ጤና በጋራ ኃላፊነት ወስደው፣ ከመከላከል አንስቶ እስከ ማከምና መከታተል ያለውን ሥራ ተከፋፍለው የሚያከናውኑበት አሠራር ነው። ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ድህነትና መገለል ከሕክምና ባራቋቸው ሰዎች ዘንድ ነው።

«የመጀመሪያ ደረጃ» ሲባል ብዙ ሰው ዝቅተኛ ሕክምና ይመስለዋል፤ ሆስፒታል መግባት ላልቻለ የተተወ ነገር አድርጎም ያየዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያ የተባለው ሰው ከጤና ሥርዓቱ ጋር ቀድሞ የሚገናኝበት፣ ለመኖሪያውና ለሥራው የቀረበ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በያኔዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በአልማ አታ ከተማ በተካሄደው ጉባኤ የወጣው መግለጫ የመጀመሪያ ደረጃ እንክብካቤን የጤና ሥርዓቱ ማዕከል አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆችና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እንደ አንድ ቡድን ለመሥራት መሠልጠን እንዳለባቸውም ያኔውኑ ተናግሯል።

«በቡድን» የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዲት ታካሚ ካርድ አውጥታ፣ ተመርምራ፣ ላቦራቶሪ ደርሳ፣ መድኃኒት ተቀብላ ስትወጣ አራት አምስት ባለሙያ አግኝታለች። ግን ቡድን አላገኘችም። በሚቀጥለው ወር ብትቀር «የት ደረሰች?» ብሎ የሚጠይቅ የለምና። ቡድን የሚባለው የሚከታተላቸው ሰዎች ዝርዝር፣ የጋራ መዝገብና ቋሚ የመወያያ ሰዓት ሲኖረው፣ የቀረውን ሰው ማን ሄዶ እንደሚያይም አስቀድሞ ሲወሰን ነው። «ቡድናዊ» የሚለው አጭር ቃል ቢያምርም በአማርኛችን የወገንተኝነት ሽታ ስላለው «በቡድን የሚሰጥ» ይሻላል።

ድሃ የሆነ ሰው ከሌላው ይበልጥ ይህን አሠራር የሚፈልግበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ እንየው። ልብስ በማጠብ የምትተዳደር፣ ኢንሱሊን የታዘዘላት የስኳር ታማሚ እናት አለች እንበል። ሥራ ባጣች ቀን ምሳ የለም፤ መድኃኒቱን እንደ ታዘዘው ብትወጋ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። ቤቷ ማቀዝቀዣ የለም፤ ኢንሱሊን ደግሞ ሙቀት ያበላሸዋል። ቀጠሮዋ የሥራ ቀን ላይ ከዋለ የቀን ገቢዋ ይቀርባታል። ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያየው የስኳሯን መጠን ብቻ ነው፤ «መድኃኒትሽን በአግባቡ አትወስጂም» ብሎ ሊቆጣትም ይችላል። ቡድን ሲኖር ቤቷ የሄደችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የማቀዝቀዣውን ነገር ታያለች፤ ኢንሱሊኑን በውኃ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ማቆየትን ታሳያታለች። ጤና መኮንኑ መጠኑን ከምትበላበት ሁኔታ ጋር ያስተካክላል። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው የጤና መድህን መዋጮዋ እንዲሸፈንላት ከወረዳው ጋር ይነጋገራል። ነርሷ ቀጠሮውን ሥራ ወደማይኖርበት ቀን ታዞራለች። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ ልፋት ይባክናል።

አሠራሩን በሰፊው ከዘረጉት አገሮች ብራዚል ተጠቃሽ ናት። ጅምሩ እ.ኤ.አ. በ1987 በሰሜን ምሥራቋ ሴአራ ግዛት ነው። በድርቅ ጊዜ ከድሃ መንደሮች የተመለመሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችንና ሕፃናትን ይከታተሉ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1994 መንግሥት ይህን ከሐኪምና ከነርስ ጋር አጣምሮ የቤተሰብ ጤና መርሐ ግብርን አቋቋመ። አንድ ቡድን ሐኪም፣ ነርስ፣ ረዳት ነርስና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች አሉት፤ ለጥቂት ሺህ ሰዎችም ኃላፊ ነው። የማኅበረሰብ ሠራተኛዋ እዚያው ሰፈር የምትኖር ናት፤ እያንዳንዱን ቤት በወር አንድ ጊዜ ለመጎብኘት ትሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ የመርሐ ግብሩ ሽፋን በ10 በመቶ ሲጨምር ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ4.5 በመቶ ያህል ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን ጤና ኬላ ላይ አሰማርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ከተሞች ሲስፋፋ ሥራውን የያዙት ነርሶች ነበሩ። ሆኖም የከተማዋ ባለሙያ ብቻዋን ቤት ለቤት ስትዞር የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ብታገኝ «ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ከማለት በቀር የምታደርገው ብዙ አልነበረም። አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው «የቤተሰብ ጤና ቡድን» ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው፤ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ከጤና ጣቢያው የሕክምና ባለሙያዎች ጋር አቀናጅቶ ወደ ቤት ያወጣቸዋል። አባወራዎችን በኑሯቸውና በጤና ችግራቸው ለይቶ፣ ድሃም ታማሚም ለሆኑት ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ ስያሜው አዲስ ቢመስልም ሥራው አገራችን ውስጥ ሥር ይዟል።

ድህነትና መገለል ግን አንድ አይደሉም። የተገለለ ሰው ጤና ጣቢያው በነፃ ቢሆን እንኳ ላይመጣ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ተመናጭቆ፣ ተሰድቦ ወይም በር ላይ ተመልሶ ይሆናል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ ጎዳና የሚያድሩ፣ መታወቂያ የሌላቸው ሰዎች እንዲህ ናቸው። በአሜሪካ ቦስተን እ.ኤ.አ. በ1985 ለቤት አልባዎች ሕክምና የጀመረው ዶክተር ጂም ኦኮኔል ይህን የተማረው ከነርሶች ነው። ፓይን ስትሪት ኢን በተባለው መጠለያ የምትሠራው ነርስ ባርባራ ማኪኒስ የልብ ማዳመጫውን አስቀምጦ በመጀመሪያ የሰዎቹን እግር እንዲያጥብ አደረገችው። ለሳምንታት ጎንበስ ብሎ ያበጠና የቆሰለ እግር በሙቅ ውኃ ዘፈዘፈ። ሕክምናን ለረጅም ጊዜ እምቢ ያሉ ሰዎች ቀስ በቀስ ስለ ሕመማቸው ያወሩት ጀመር። የመንገደኛን እግር ማጠብ ትልቅ የአክብሮት ምልክት በሆነበት ባህል ላደግን ለእኛ ይህ አሠራር ለምን እንደሠራ ማስረዳት አያስፈልግም። ከሙያ አንጻር ግን ትምህርቱ ጥልቅ ነው፤ በቡድን ውስጥ ሕመምተኛውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው ዘወትር ሐኪሙ አይደለም፤ ሐኪሙም ለነርሷ የሚታዘዝበት ጊዜ ይኖራል።

ስያሜው ያለ ቦታው እንዳይውል መጠበቅ አለብን። ሸክሙን ሁሉ ቤት ለቤት በምትዞረው ሴት ላይ ጥሎ፣ ደመወዟን አሳንሶ፣ ሕመምተኛውን መድኃኒት ወደሌለው ጤና ጣቢያ መላክ በቡድን መሥራት አይባልም። ቡድኑ መጓጓዣ፣ መድኃኒት፣ የመወያያ ሰዓትና ወደ ሆስፒታል የሚያሻግር አስተማማኝ የሪፈር መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ተቋም «እኛ ጋ አገልግሎቱ በቡድን ነው» ሲል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ኃላፊነት የወሰዳችሁላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ከእነሱ መካከል ወደ እናንተ ያልመጣው ማነው? እሱን ለማግኘት ነገ የሚሄደውስ ማነው? ለሦስቱም በስም መልስ የሚሰጥ ተቋም ስያሜው ይገባዋል።