ጣውላና ዜግነት፦ ማዮ ሲንግና የፓልዲ የእንጨት ከተማ

አጠቃሎ

ይህ መጣጥፍ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ከሕንድ ፑንጃብ ወደ ካናዳ የተሰደዱትን የእንጨት ነጋዴ የማዮ ሲንግን ሕይወትና በመሰንጠቂያቸው ዙሪያ የተቆረቆረችውን ፓልዲን ይመረምራል። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕጉ የመምረጥና ከቤተሰብ ጋር የመኖር መብት የነፈጋቸው ሰዎች በሥራቸው ጉልበት ቤት፣ ቤተ እምነትና ጉርብትና መመሥረት ችለዋል። ሁለተኛ፣ በሥራ ብቻ የተገኘ መደላደል በሕግ እስካልጸና ድረስ ከአደጋ አያመልጥም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

መግቢያ

የካናዳዋ ክፍለ አገር የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የእንጨት ሥራ ታሪክ ሲተረክ ሁለት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ፤ ግዙፉን ዛፍ የሚጥለው ጀግና ቆራጭና ደኑን በሰፊው የሚይዘው ባለሀብት። መሰንጠቂያው ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ጣውላ ሲጎትትና ሲደረድር የሚውለው እስያዊ ስደተኛ ግን ለረዥም ጊዜ ከትረካው ዳር ቆይቷል። የፓልዲ ታሪክ ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያስችል ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በቫንኩቨር ደሴት በካዊቻን ሸለቆ፣ ከደንከን ከተማ በስተምዕራብ ትገኛለች። ሆኖም የሲክ እምነት ተከታዮች (ሲኮች)፣ ጃፓናውያን፣ ቻይናውያንና አውሮፓውያን ጎን ለጎን የኖሩባት፣ መሥራቿም ራሱ ስደተኛ የሆነባት የእንጨት ከተማ በመሆኗ ከስፋቷ በላይ የምትነግረን ነገር አላት። ጆአን ማዮ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት «ፓልዲ ሪሜምበርድ» በተሰኘው መጽሐፍ የከተማዋን የሃምሳ ዓመት ሕይወት ከውስጥ ሆነው መዝግበዋል። እኔ የማተኩረው ደግሞ ያ ሕይወት ከዘመኑ ሕግ ጋር በነበረው ግንኙነት ላይ ነው።

የተዘጋው በር

ከ1904 እስከ 1908 ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሕንዳውያን ወደ ካናዳ ገቡ። አብዛኞቹ የፑንጃብ ሲኮች፣ ከገበሬ ቤተሰብ የወጡ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ በብሪታንያ ጦር ውስጥ ያገለገሉም ነበሩባቸው። ካናዳም ሕንድም በአንድ ዘውድ ሥር ስለነበሩ፣ እንደ ንጉሡ ተገዥነታቸው የትም ሄደው መሥራት እንደሚችሉ ያምኑ ነበር።

እምነታቸው ብዙም አልቆየም። በ1907 የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤት ሕንዳውያንን ከመራጮች መዝገብ አስወጣ። ጉዳቱ ድምፅ በመስጠት ብቻ የሚቆም አልነበረም፤ በመዝገቡ ያልሰፈረ ሰው ጠበቃ ወይም ፋርማሲስት መሆን አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 4 ቀን፣ ከድንበሩ ማዶ በአሜሪካ በምትገኘው የቤሊንግሃም ከተማ ነጭ ሠራተኞች በቡድን ተነሥተው በመሰንጠቂያዎች የሚሠሩትን ሕንዳውያን ከየማደሪያቸው አስወጥተው ደበደቡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕንዳውያኑ ከተማዋን ጥለው ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ በቫንኩቨር ሁከት ተነሥቶ የቻይናውያንና የጃፓናውያን ሰፈሮች ተጠቁ።

በ1908 የካናዳ መንግሥት ከትውልድ አገሩ በአንድ ያልተቋረጠ ጉዞ ያልመጣ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ከእስያ የሚመጣውም በእጁ 200 ዶላር መያዝ ነበረበት። ከሕንድ በቀጥታ ወደ ካናዳ የሚያመጣ የመርከብ መስመር ስላልነበረ፣ ደንቡ የሕንዳውያንን ስም ሳይጠራ በሩን ዘጋባቸው። በ1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለችው መርከብ 376 መንገደኞችን አሳፍራ ቫንኩቨር ብትደርስም፣ ለሁለት ወር ያህል ወደብ ላይ ታግታ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ወደመጡበት ተመለሱ። አስቀድሞ የገባውም ሚስቱንና ልጆቹን ማስመጣት ስላልቻለ፣ ማኅበረሰቡ የወንዶች ብቻ ሆኖ ቀረ፤ በ1921 ቁጥሩ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወረደ።

ከዛፍ እስከ ጣውላ

ለእነዚህ ሰዎች ክፍት ከነበሩት ጥቂት ሥራዎች ዋነኛው የእንጨት ሥራ ነበር። ሥራውን በቅርብ ማየት ለምን ስደተኛው ወደዚያ እንደተሳበ ያስረዳል።

የደሴቱ ዳግላስ ፈርና ሴዳር ዛፎች ግንዳቸው ከሥሩ ሰፊና ሙጫ የበዛበት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቆራጮች ከመሬት ከፍ ብለው ግንዱን በመጥረቢያ ይቦረቡሩና ጫፉ ብረት የለበሰ ሳንቃ ያስገቡበታል፤ እዚያች ጠባብ ሳንቃ ላይ ቆመው ነው የሚሠሩት። ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈለግበት በኩል በመጥረቢያ አፍ ይከፍቱለታል፤ ከዚያ ከጀርባው ረዥሙን ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ እየተቀባበሉ ይስባሉ። ሙጫው መጋዙን ሲይዘው ነጭ ጋዝ ያፈሱበታል። ሽብልቁ በክፍተቱ ሲመታ ዛፉ መንቋቋት ይጀምራል፤ ያኔ ቆራጮቹ ከሳንቃው ዘለው ይሸሻሉ። የሳንቃዎቹ ጎድጓዳ ዛሬም በአሮጌ ጉቶዎች ላይ ይታያል። የወደቀው ግንድ በእንፋሎት ሞተርና በሽቦ ገመድ ተጎትቶ፣ በባቡር ተጭኖ መሰንጠቂያው አጠገብ ካለው ኩሬ ይጣላል።

ከኩሬው የወጣው ግንድ በትልቁ መጋዝ ተሰንጥቆ፣ ጎኑ ተስተካክሎ፣ ርዝመቱ ተቆርጦ በሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ላይ ይወጣል። ሠራተኞች ግራና ቀኝ ተሰልፈው እርጥቡን ጣውላ እየጎተቱ በመጠንና በደረጃ ይደረድሩታል። ያልደረቀ ጣውላ ይከብዳል፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የቆዳ ሽርጥና ጓንት ያደረገ ሰው እንኳ ውሎው በወገቡና በመዳፉ ይታወቅበታል። ሲኮች በብዛት የሚመደቡት እዚህ ላይ ነበር፤ ክፍያቸውም በአመዛኙ ከነጭ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነበር። ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ጉልበት ግን አብዝቶ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ አዲስ ገቢው በቶሎ ይቀጠርበታል። ከዚያ ከፍ ማለት ግን ከባድ ነበር።

መሰንጠቂያ መግዛት

ማዮ ሲንግ የተወለዱት በፑንጃብ ሆሺያርፑር አውራጃ፣ ፓልዲ በተባለች መንደር ነው። በ1906 ካናዳ ገብተው እንደ ሌሎቹ በመሰንጠቂያ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ግን ከብዙዎቹ ይለያል፤ ከአገራቸው ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተው መጀመሪያ በፍሬዘር ሸለቆ መሰንጠቂያ አንቀሳቀሱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ግድም ደግሞ ወደ ካዊቻን ሸለቆ ተሻግረው አዲስ መሰንጠቂያ ተከሉ። ከሸሪኮቻቸው መካከል ካፑር ሲንግ ሲዱና ዶማን ሲንግ ይገኙበታል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የሕጉ ክፍተት ነው። ሕንዳዊው መምረጥ ቢከለከልም መሬትና ድርጅት ከመግዛት አልተከለከለም። የደቡብ ምሥራቅ ቫንኩቨር ደሴት ሰፊ ደን ደግሞ በ1880ዎቹ ለኢስኩዊማልትና ናናይሞ የባቡር ኩባንያ በስጦታ ተሰጥቶ ስለነበር በግል ይዞታ ሥር ነበር፤ ዛፉ በንግድ ስምምነት ሊገኝ ይችል ነበር። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው እውነት፣ መሬቱ የካዊቻን ነባር ሕዝብ አገር የነበረና ያለ እነሱ ስምምነት የተሰጠ መሆኑ ነው። በአንዱ ላይ የተፈጸመው በደል ለሌላው ተበዳይ መቆሚያ ሆኗል፤ የፓልዲን ታሪክ ሐቀኛ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም ማንሳት አለበት።

ሁለተኛው ነገር የገንዘብ አሰባሰቡ ነው። ሠራተኞቹ በአንድ ማደሪያ ተከማችተው፣ ወጥ ቤት ሠራተኛ በጋራ ቀጥረው፣ ወጪያቸውን ዝቅ አድርገው ይቆጥቡ ነበር። ባንክ የማያበድረው ሰው የሚያምነው የመንደሩን ልጅ ነው። ከደመወዝ ተቆጥቦ በመተማመን የተሰባሰበው ገንዘብ ማሽንና ግንድ ገዛ። ማዮ ሲንግ የአንድ ሰው ታታሪነት ምሳሌ ተደርገው ሲወሱ፣ ከኋላቸው የቆመው ይህ የብዙዎች መዋጮ ሊረሳ አይገባም።

ቤተሰብ፣ ጉርድዋራ፣ ትምህርት ቤት

ከተማዋ መጀመሪያ በመሥራቿ ስም ማዮ ተባለች፤ በ1936 ደግሞ የትውልድ መንደራቸውን ስም ይዛ ፓልዲ ሆነች። በ1919 የሲኮች ቤተ እምነት የሆነው ጉርድዋራ ተሠራ። ጉርድዋራና መሰንጠቂያ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ከመነሻው የተቆራኙ ነበሩ። በአቦትስፎርድ በ1911 የተጠናቀቀውን ጉርድዋራ የሠሩት የመሰንጠቂያ ሠራተኞች ከሚሠሩበት ፋብሪካ የተሰጣቸውን ጣውላ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ኮረብታው በማውጣት ነበር። በጉርድዋራ ውስጥ ማንኛውም ሰው ዘርና እምነቱ ሳይጠየቅ ከሌሎች ጋር መሬት ተቀምጦ በነጻ የሚመገብበት ላንጋር የሚባል ማዕድ አለ። ከውጭ በቆዳ ቀለሙ የሚመደብ ሠራተኛ እዚህ ሲገባ እንደ ሰው ይቆጠራል። ቤተ እምነቱ ለጸሎት ብቻ ሳይሆን ለምክክር፣ ለመዋጮና አዲስ መጤን ለመቀበልም ያገለግል ነበር።

በ1919 የቤተሰብ እገዳው በመርህ ደረጃ ላላ፤ በተግባር ግን ሚስቶችና ልጆች መምጣት የጀመሩት ቀስ ብለው በ1920ዎቹ ነው። ማዮ ሲንግም ባለቤታቸውን አስመጥተው በፓልዲ ልጆች አሳደጉ። የለውጡ ትልቅነት በቁጥር አይለካም። የወንዶች ካምፕ ማለት ሥራ ሲያልቅ የሚፈርስ ማደሪያ ነው፤ ሴቶችና ልጆች ሲገቡበት ግን አዋላጅ፣ አስተማሪና የልደት በዓል የሚያስፈልገው መንደር ይሆናል። የሲክ፣ የጃፓናዊ፣ የቻይናዊና የአውሮፓዊ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ አብረው ተጫወቱ። ሕጉ አባቶቻቸውን በየዘራቸው በሚመድብበት ዘመን ልጆቹ አንዱ የሌላውን ቤት ምግብ እየቀመሱ አደጉ።

አሠሪና ሠራተኛ

ፓልዲን ያለ ነቀፋ ማወደስ ግን ለታሪኩ አይበጅም። የእንጨት ከተማ ማለት የሥራውም የቤቱም ባለቤት አንድ የሆነበት ቦታ ነው። አሠሪው የአገር ልጅ መሆኑ ሠራተኛውን ከስድብና ከዱላ ቢጠብቀውም፣ በገበያው መውደቅና በማሽኑ አደጋ ፊት እኩል አያደርገውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣው የሠራተኛ ማኅበር ነው። በ1937 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር በክፍለ አገሩ ሲደራጅ፣ እስያዊውን ያገለለ ማኅበር ደመወዝ ማስከበር እንደማይችል ተረዳ። ዳርሻን ሲንግ ሳንጋ የተባለው ፑንጃባዊ አደራጅ በ1940ዎቹ የአገሩን ልጆች በቋንቋቸው እያነጋገረ ወደ ማኅበሩ አስገባ። ማኅበሩም የሕንዳውያንን የመምረጥ መብት ጥያቄ ደገፈ። በ1946 ወደ 37,000 የሚጠጉ የእንጨት ሠራተኞች አድማ መትተው የደመወዝ ጭማሪና የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንት አስገኙ። በ1947 ሕንዳውያንና ቻይናውያን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመምረጥ መብታቸውን መልሰው አገኙ፤ የሕንዳውያኑ ከተነጠቀ 40 ዓመት ሞልቶት ነበር። በድሉ የባለ መሰንጠቂያውም የጣውላ ደርዳሪውም ድርሻ አለበት፤ አንዱ ማኅበረሰቡን በኢኮኖሚ አቆመ፣ ሌላው ጥያቄውን የሠራተኛው ሁሉ ጥያቄ አደረገው።

የመደላደሉ ወሰን

በሥራ የተገኘ መደላደል ምን ያህል ተሰባሪ እንደነበረ በ1942 ታየ። ካናዳ ከጃፓን ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ መንግሥት ከባሕሩ ጠረፍ 100 ማይል ውስጥ የሚኖሩትን የጃፓን ዘሮች ሁሉ እንዲነሡ አዘዘ፤ በመላው ጠረፍ ከ20,000 በላይ ሰዎች ተፈናቀሉ፤ አብዛኞቹ የካናዳ ተወላጆች ወይም ዜጎች ነበሩ። የፓልዲ ጃፓናውያንም ቤታቸውን፣ ሥራቸውንና የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ትተው ሄዱ። ወደ ጠረፉ እንዲመለሱ የተፈቀደው በ1949 ብቻ ነው። የጎረቤት ፍቅር፣ የአሠሪ ቸርነት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ወንድማማችነት፣ ሁሉም በአንድ የመንግሥት ትእዛዝ ፊት አቅም አጡ። ሲኮቹም ቢሆኑ በዚያ ዓመት ገና ድምፅ የሌላቸው ስለነበሩ ለጎረቤቶቻቸው የሚከራከሩበት መድረክ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ወሰን ደኑ ነበር። የዚያ ዘመን አቆራረጥ ዛፉን ጠርጎ ወስዶ ወደ ቀጣዩ ሸለቆ መሻገር ነበር። በቅርብ ያለው ደን ሲያልቅ የከተማዋ የመኖር ምክንያትም አብሮ ያልቃል። በ1940ዎቹ የመሰንጠቂያው ሥራ ተዳከመ፤ ማዮ ሲንግ በ1955 አረፉ፤ ነዋሪዎችም ቀስ በቀስ ወደ ደንከን፣ ወደ ቪክቶሪያና ወደ ቫንኩቨር ተበተኑ።

መደምደሚያ

የፓልዲ ውርስ በቀሩት ቤቶች ብዛት ቢለካ ጥቂት ነው። በሰዎቹ ሲለካ ግን ብዙ ነው። የዶማን ሲንግ ልጅ ኸርብ ዶማን አባቱ ሲሞትበት በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሠርቶ፣ በኋላ በክፍለ አገሩ ከታወቁት የእንጨት ኩባንያዎች አንዱን ገንብቷል። የካፑር ሲንግ ልጆች ጃግዲስና ሳርጂት ሲዱ ሐኪሞች ሆነው በፑንጃብ፣ በአባታቸው አገር ሆስፒታል አቋቁመዋል። በየሐምሌው መጀመሪያ የቀድሞዎቹ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ ጉርድዋራው እየመጡ በዓል ያከብራሉ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እንማራለን ብዬ አምናለሁ። የስደተኛን ሕይወት በደመወዙ ብቻ መለካት ጎዶሎ ነው፤ ፓልዲን ከማደሪያነት ወደ ከተማነት ያሸጋገራት የደመወዝ ጭማሪ ሳይሆን የሚስትና የልጅ መግባት ነበር። የአንድ ስኬታማ ሰው ታሪክ ከኋላው ያለውን የብዙዎች ቁጠባና ድካም ካልያዘ ተረት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሠርቶ አገር የገነባ ሰው በሥራው ብቻ ባለ አገር እንዲሆን መተው አይገባም። የፓልዲ ጃፓናውያን እንደ ሲኮቹ ሠርተዋል፣ እንደ ሲኮቹም ልጆች አሳድገዋል፤ የጎደላቸው መብታቸውን የሚያስከብር ሕግ ነበር። ስለዚህ የስደተኛ ጉልበት የሚጠቀም ማንኛውም አገር የሰውየውን ሥራ በተቀበለበት ቀን መብቱንም መቀበል ይኖርበታል፤ አርባ ዓመት የሚያስጠብቅ ፍትሕ ለአንድ ትውልድ ያልደረሰ ፍትሕ ነውና።