ሰቆጣ፦ ከላሊበላ በስተሰሜን ያለው ቅርስ

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ብዙ ጎብኚ ግን ከዚያ አልፎ ወደ ሰቆጣ አይዘልቅም።

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ የሆነችው ሰቆጣ ኽምጣኛና አማርኛ የሚነገርባት፣ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ይሸጥባት የነበረች ጥንታዊት የገበያ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ከአለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። በውስጡ ሳይፈርሱ ደርቀው የቆዩ አስከሬኖች አሉ፤ የቀድሞዎቹ የዋግ ገዥዎች፣ የዋግሹሞች፣ እንደሆኑ ይነገራል።

አካባቢው የተከዜ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆም አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ በወንዙ ላይ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል።

ወደ ስፍራው የሚሄድ ሰው አስከሬኖቹን በእጁ ከመንካት ይቆጠብ። የደረቀ ቆዳና ጨርቅ በንክኪና በእርጥበት ይጎዳል፤ አንዴ ከጠፋም አይተካም።