መድኃኒት የሚያስከትለው የአሲድ ሚዛን መዛባት

የጤናማ ሰው የደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ልክ ውስጥ ይቆያል። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በትንፋሽ እያስወጣ፣ ኩላሊት ደግሞ አሲዱን በሽንት እያስወገደና ባይካርቦኔትን እያስቀረ ይጠብቁታል። ከዚህ ልክ መውረዱ አሲዶሲስን፣ ማለፉ አልካሎሲስን ያመለክታል።

በየቤቱ የሚገኘው አስፕሪን ከመጠን ሲያልፍ በሁለቱም በኩል ይገፋል። መጀመሪያ በአንጎል ያለውን የመተንፈሻ ማዕከል ይቀሰቅሳል፤ ታማሚው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ጆሮው ይጮኻል፣ ደሙ ወደ አልካሊ ያደላል። ቀጥሎ አሲድ ይከማቻል። በሕፃናት ላይ ይህ ሁለተኛው ደረጃ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ክኒኑን ከልጆች እጅ ማራቅ የግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ብዙ ያከራከረው ግን የስኳር ሕመም መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ነው። ጥርጣሬውን የወረሰው ከዘመዱ ከፌንፎርሚን ሳይሆን አይቀርም፤ ይህኛው በደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ እያከማቸ ሰው በመግደሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ሜትፎርሚን በፈረንሳይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲታዘዝ ቢቆይም፣ አሜሪካ የፈቀደችው በ1994 ነበር። ላክቲክ አሲዶሲስ ከደረሰባቸው ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ ኩላሊታቸው የደከመ ወይም በከባድ ኢንፌክሽን የተያዙ ስለነበሩ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ነው ወይስ የሕመሙ የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ኩላሊት ደህና ከሆነ አደጋው እጅግ አነስተኛ መሆኑ ግን በሰፊው ተቀባይነት አለው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ለወረደበት ሰው መድኃኒቱ አይሰጥም። ተጠቃሚው በትውከትና በተቅማጥ ፈሳሽ ካጣ ሳይዘገይ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

የኤችአይቪ መድኃኒቱ ስታቩዲንም በሴሎች ውስጥ ያለውን ሚቶኮንድሪያ በመጉዳት ላክቲክ አሲድ ያከማች ነበር። ነፃ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በኢትዮጵያ በ2005 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ አማራጮች አንዱ እርሱ ነበር። ድካምና ማቅለሽለሹ በሌላ ሕመም በቀላሉ ስለሚሳሳት ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መክሯል።

ወደ አልካሎሲስ ከሚገፉት መካከል ሽንት የሚያበዛው ፉሮሰማይድ ይጠቀሳል። የቺካጎው ሐኪም በርትራም ሲፒ በ1915 ለጨጓራ ቁስል ያስተዋወቀው የወተትና የአልካሊ ሕክምናም ተመሳሳይ ጉዳት አስከትሏል። ዛሬ ይኸው ችግር የሚታየው ካልሲየም ካርቦኔት አብዝተው በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው።