የአባቴ ቬስፓና የአያቴ አውሮፕላን

ወዳጆቼ፣ «ምነው ጠፋህ?» ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸውላችሁ። አራት ወር ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ባለችው የመኪና ማቆሚያ ቆርቆሮ ቤት ተንበርክኬ ነው የከረምኩት። የአባቴን ቬስፓ እያደስን ነበር። 150 ሲሲ ናት። አባቴ ሥራ ሲመላለሱባት፣ እናቴን ከኋላ አስቀምጠው ሰርግ ሲሄዱባት፣ እኔን ከፊት አቁመው ትምህርት ቤት ሲያደርሱኝ ኖረው፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ሃያ ዓመት ሸራ ለብሳ ቆመች።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ «ቲቸር ደግሞ መካኒክ ሆነ እንዴ?» እንዳትሉኝ። ዋናውን ሥራ የሠሩት የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ናቸው። እኔና ልጄ ብሎን ፈታቾችና ሻይ አቅራቢዎች ነበርን። ግን የታሪክ አስተማሪነት የትም አይለቅም፤ ጋራዥ ውስጥም ይከተላል።

መጀመሪያ የያዘኝ ቋንቋው ነው። «ካቻቢቴ አቀብለኝ! ፒንሳውን! ካንዴላዋን ፍታት፣ ማርሚታዋን አውርድ፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ ኩሽኔታውም አልቋል።» ሰውዬው እኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣልያንኛ አያውቁም! ቃሉን ከሙያው ጋር ከአሠልጣኛቸው ወረሱ፤ አሠልጣኛቸውም ከሌላ። ወደኋላ ስትቆጥሩት የት እንደሚያደርስ ታውቃላችሁ። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። በመሀሉ ካሚዮኑም፣ ሞተሩም፣ ጋራዡም ገባ። ከድል በኋላ አገር ውስጥ የቀሩ ጣልያናውያን ነበሩ፤ ብዙ የኛ ሰው ሙያውን የተማረው ከእነሱ ነው። ጦሩ ወጣ፣ ካቻቢቴው ቀረ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የከበደኝ የፊት ደረቷን በነዳጅ ሳጸዳ ነው። ቀለሙና አቧራው ሲለቅ የፋብሪካው አርማ ብቅ አለ። ፒያጂዮ ይላል። ይሄን ስም ሌላ ቦታ አንብቤዋለሁ፣ የት ነበር እያልኩ አመሸሁ።

የቬስፓን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒያጂዮ ከጦርነቱ በፊት ሞተር ሳይክል ሠሪ አልነበረም፤ አውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ ነበር። ፖንቴዴራ ከተማ የነበረው ፋብሪካው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈራረሰ። ኤንሪኮ ፒያጂዮ ለድሀውም ለሀብታሙም የምትሆን ርካሽ መጓጓዣ ፈለገና ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠ። ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ሳይክል የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማ ሲተነፍስ ለመቀየር ያስቸግራል ይላል። እናም ሞተሩን በቆርቆሮ ሸፈነው፣ ማርሹን እጀታው ላይ አደረገው፣ የፊት ጎማዋንም እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠላት። እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያዋ 98 ሲሲ ቬስፓ ወጣች። ቬስፓ ማለት ተርብ ማለት ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተሠራች።

ደስ ይላል አይደል? እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፣ ያንን ስም የት እንዳነበብኩት እስካስታውስ ድረስ። ካፕሮኒ 133 የምትባል የጣልያን ቦምብ ጣይ አለች። በኛ ላይ በተከፈተው ጦርነት ከዋሉት አውሮፕላኖች አንዷ ናት። ሦስት ሞተር ነበራት። ሦስቱም የፒያጂዮ ናቸው።

አያቴ የማይጨው ዘማች ነበሩ። ጦሩ ከተፈታ በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ሲያፈገፍግ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ እንደወረደበት ሁላችሁም ተምራችኋል፤ ያስተማርኳችሁም አላችሁ። አያቴ ከዚያ በሕይወት ተመለሱ። ግን እስኪሞቱ ድረስ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ። አባቴ ቬስፓዋን አስነስተው ግቢ ሲገቡ እንኳን! እኛ ልጆቹ እንስቅባቸው ነበር። በርግጥ በዚያ ጦርነት የበረሩት አውሮፕላኖች ብዙ ዓይነት ናቸው፣ የሞተራቸው ሠሪም ብዙ ነው። ቢሆንም ያን ቀን ጨርቁን ጥዬ ወጣሁ። አንድ ሳምንት ወደ ጋራዡ አልገባሁም።

የመለሱኝ መካኒኩ ናቸው። «መምህር፣ ና እስቲ ይቺን እይ» ብለው ከሞተሩ ማቀፊያ ያወጡትን አንዲት ቡሽ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የፋብሪካ አይደለችም። አዲስ አበባ ውስጥ ቶርኖ ላይ የተቀረጸች ናት፤ የቢላው መስመር እስካሁን ይታያል። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን አባቴ ያሠሯት መሆን አለበት። ልጄ ኢንተርኔት ላይ ኦርጅናሏን አግኝቷል፤ «ከውጭ እናስመጣና እንደ አዲስ ትሁን» ይላል። ቀለሟንም ወደ ፋብሪካው ቀለም መመለስ ይፈልጋል። አባቴ ግን በብሩሽ ሰማያዊ ቀብተዋታል፤ ሲፋቅ ከሥር ሌላ ቀለም፣ ከዚያ ሥር ስቱኮ፣ ከዚያ ሥር የወደቁበት ቀን ጭረት አለ።

ማደስ ማለት ወደ የትኛው ዓመት መመለስ ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ወደ ፋብሪካው ቀን ከመለስናት የምትቀረው የፖንቴዴራ ሥራ ብቻ ናት። የአዲስ አበባው ቶርነሪ፣ የአባቴ ብሩሽ፣ የመካኒኮቹ ብልሃት፣ ሁሉም ይጠፋል። ያቺ ብረት የኛ የሆነችው በመገዛቷ አይደለም፤ ደጋግመን በመጠገናችን ነው። ካቻቢቴ የሚለው ቃልም እንደዚያው።

ከልጄ ጋር ተከራክረን ተስማማን። ነፍስ የሚያጠፋው ሁሉ ተቀየረ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የመብራት ሽቦ። ቡሿ ተለክታ ደህና ስለሆነች ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የአባቴ ሰማያዊም አልተነካም፣ ዝገቱ ብቻ ተፋቀ። አርማውን ልንቀው ነበር፣ ተውኩት። የአያቴንም ታሪክ ለልጄ የነገርኩት እሱን እያሳየሁ ነው።

ባለፈው እሑድ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ቀላቅለን ስንረግጣት በሰባተኛው ተነሳች። ጢሷ ጎረቤት አስወጣ። መካኒኩ ሳቁ፣ ልጄ ጮኸ። እኔ ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ።

እስቲ እናንተም ቤታችሁ ያለ አሮጌ ዕቃ ላይ ማን እንደጠገነው የሚያሳይ ምልክት ካለ ፎቶ አንስታችሁ ከሥር ለጥፉልኝ። የጋራዥ ቃል የምታውቁም ጻፉ፤ እየሰበሰብኩ ነው።