ካን ላይ የተሸለመው፣ ፓሪስ ላይ የተናቀው ፍቅር

እ.ኤ.አ. በ1966 የካን ፌስቲቫል ዳኞች ከፍተኛውን ሽልማት ለሁለት ፊልሞች አካፈሉ። አንዱ የጣሊያናዊው ፒዬትሮ ጄርሚ ሥራ ነበር። ሌላው ገና 28 ዓመቱ የነበረው ክሎድ ለሉሽ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሳምንታት የቀረጸው «አንድ ወንድና አንዲት ሴት» ነው። በቀጣዩ ዓመት ይኸው ፊልም ሁለት ኦስካር ወሰደ፤ አንዱን በውጭ ቋንቋ ፊልምነቱ፣ ሌላውን በድርሰቱ። ፈረንሳይ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆርጦለታል፤ የፍራንሲስ ሌን ዜማ ደግሞ ፊልሙን ያላየው ሰው ሳይቀር ያንጎራጉረው ጀመር። በሲኒማ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእኛ ነው ይሉ የነበሩት የፓሪስ ሃያስያን፣ በተለይም የ«ካዬ ዱ ሲኔማ» መጽሔት ሰዎች፣ ለለሉሽ የነበራቸው ንቀት ግን በዚህ ሁሉ አልበረደም። ክሳቸው ላይ ላዩን ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው የሚል ነበር። ይህ ፍርድ ከፊልሙ ይልቅ በጊዜው ስለነበረው የሃያሲነት ሙያ የሚነግረን ይበልጣል።

የዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሃያሲ ዳር ቆሞ የሚፈርድ ሰው አልነበረም። ትሩፎ፣ ጎዳር፣ ሪቬትና ሮሜር ሁሉም ከመጽሔቱ ጠረጴዛ ተነስተው ካሜራ የያዙ ናቸው። በ1950ዎቹ ማብቂያ «ኑቬል ቫግ» የተባለው አዲስ ማዕበል ሲነሳ ስቱዲዮውን ትቶ ጎዳና ወጣ፤ ቀላል ካሜራ ያዘ፤ ተዋናዩ ከተጻፈው ቃል ውጪ እንዲናገር ፈቀደ። ለሉሽም ያደረገው ይህንኑ ነው። ካሜራውን ራሱ ተሸክሞ፣ በክረምት የዶቪል ባሕር ዳርቻ፣ ተዋናዮቹን የራሳቸውን ቃል እንዲጨምሩ እያበረታታ ቀረጸ። ይሁን እንጂ የመጣው ከመጽሔቱ ሳይሆን ስኮፒቶን ይባሉ ከነበሩት፣ በቡና ቤት ማሽን ከሚታዩት አጫጭር የዘፈን ፊልሞች ነው። የድሮውን ሲኒማ ለመናድ የተሳለው መሣሪያ በእሱ እጅ ሰፊውን ሕዝብ ማስለቀሻ ሲሆን፣ ባለመሣሪያዎቹ ቢቆጡ አይገርምም። ነገሩ የፖለቲካ ጠብ ነው እንዳይባል ደግሞ ለሉሽ በ1967 ከጎዳር፣ ከአሌን ሬኔና ከሌሎች ጋር «ከቬትናም ርቆ» በተሰኘው ፀረ ጦርነት ፊልም ተሳትፏል፤ በግንቦት 1968 የካን ፌስቲቫል እንዲቋረጥ ከትሩፎና ከጎዳር ጎን ቆሟል። ልዩነታቸው የነበረው በስሜት ላይ ነው፤ የተመልካችን እንባ ያለ ኀፍረት መፈለግ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ።

ክሱ በጣም የሚላላው ቀለሙ ላይ ሲደርስ ነው። ፊልሙ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም፣ ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ ይመላለሳል። አንዳንዱ ይህን ጥልቅ ምሥጢር ያለው ፈጠራ አድርጎ ሲተነትን፣ ሌላው ለታይታ የተደረገ አስመስሎ ተሳለቀበት። ሰበቡ ግን ገንዘብ ነበር፤ ለሉሽ ለሙሉ ባለቀለም ፊልም የሚበቃ በጀት አልነበረውም። ታዲያ ትርጉሙ የአጋጣሚ ከሆነ ሃያስያኑ ልክ ነበሩ አያሰኝም? አያሰኝም። የችግር ውጤት የሆነ ነገር ሥራ ላይ የዋለበት ቦታ ይመዘናል። አን (አኑክ ኤሜ) ባሏ በፊልም ቀረጻ አደጋ ሞቶባታል፤ ዣን ሉዊ (ዣን ሉዊ ትሬንቲኛን) መኪና ተወዳዳሪ ነው፤ እሱም ሚስቱን በሞት አጥቷል። ሁለቱ የሚገናኙት ልጆቻቸው በሚማሩበት የዶቪል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። የሆቴሉ አልጋ ላይ አን ከአዲሱ ሰው ጋር ሳለች ክፍሉ ቀለም አልባ ነው፤ ትዝ የሚላት የሟች ባሏ ሳቅና ዘፈን ግን በቀለም ይመጣል። ሙት ከሕያው ይልቅ ደምቆ ይታያል። ባዶ ጌጥ የተባለው የዘፈን ትዕይንት ባልዋ በሕይወት ያለበት ብቸኛ ስፍራ ነው። በእኔ አመለካከት ሃያስያኑ የሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአዲስ ፍቅር ታሪክ መስሏቸው አዩት፤ ፊልሙ ግን የሚናገረው ስለማይሞት አሮጌ ፍቅርና እሱ ስለሚዘጋው በር ነው።

እርግጥ ክሱ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። የመኪና ውድድሩ ከታሪኩ አቅም በላይ ተለጥጧል፤ በባሕሩ ዳር ሽማግሌውና ውሻው የሚታዩበት ትዕይንትም ፖስት ካርድ ከመሆን ብዙም አልራቀም። የትኬት ብዛትም ስለ ጥበብ አይመሰክርም። ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ፍቅሩ እውነት ቢሆን ኖሮ በ1986 ለሉሽ እነዚያኑ ሁለት ተዋናዮች ይዞ «ሃያ ዓመት ሞላው» የተሰኘውን ሁለተኛ ክፍል ሲሠራ ለምን ወደቀ? መልሱ በፊልሙ ውስጥ አለ። ያ ሁለተኛ ክፍል አንን የፊልም አዘጋጅ አድርጎ፣ የገዛ ታሪኳን መልሳ እንድትቀርጽ አደረጋት፤ ሟቹ ባል የያዘውን ቦታ የፊልም ሥራ ግርግር ወሰደው።

በ2019 ለሉሽ የዚሁን ታሪክ ሦስተኛ ክፍል ከውድድር ውጪ ካን ላይ ሲያሳይ አቀባበሉ ከ1986ቱ ይልቅ ሞቅ ያለ ነበር። ትሬንቲኛን ያኔ 88 ዓመቱ ነበር፤ የሚጫወተው ሰው በአረጋውያን መኖሪያ ተቀምጦ ትውስታው እየከዳው ነው፤ አን ልትጠይቀው ትመጣለች። ሙቀቱ ለእርጅናቸው የተደረገ አክብሮት ነው ሊባል ይችላል፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ያ ፊልም የሚቆመው ከ1966ቱ በተቆረጡ ምስሎች ላይ ነው። ላይ ላዩን ብቻ ያምራሉ የተባሉት እነዚያው ምስሎች አሁን የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ሆነው ገቡ፤ ለዚህም አንድ ፍሬም እንኳ መለወጥ አላስፈለገም።