ዶሮ ማርባትና የእንቁላል አያያዝ፦ ቤተሰብን ከበሽታ መጠበቅ

ጥቂት ዶሮዎችን በጓሮ ማርባት ለቤተሰብ ጤና ይጠቅማል። እንቁላል ጥሩ የፕሮቲን፣ የቫይታሚን ኤ እና የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ነው። ሕፃናትም 6 ወር ከሞላቸው በኋላ በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ እንቁላል ከጡት ወተት ጋር መመገብ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ዶሮዎች በአንጀታቸው ውስጥ ሰውን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችን ሊይዙ ይችላሉ። ዋናዎቹ ሳልሞኔላ እና ካምፒሎባክተር ናቸው።

በኢትዮጵያ ገጠር በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለቱንም ጎኖች አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት እድገት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት በሚያድሩበት ጊዜ ግን የልጆቹ እድገት ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ መፍትሔው ዶሮ ማርባትን መተው ሳይሆን የዶሮውንና የሕፃኑን ቦታ መለየት ነው።

በሽታው እንዴት ይተላለፋል?

ባክቴሪያዎቹ ከዶሮ ኩስ ጋር ይወጣሉ። ከዚያም በላባ፣ በእግር፣ በእንቁላል ቅርፊት፣ በውኃ መጠጫና በመሬት ላይ ይቀራሉ። ሰው በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ሲወስድ ወይም በደንብ ያልበሰለ እንቁላልና ሥጋ ሲመገብ ይያዛል። የሚድኽ ሕፃን ደግሞ መሬት የነካ እጁን ወደ አፉ ስለሚያስገባ በቀላሉ ይጋለጣል።

ባክቴሪያውን የያዘች ዶሮ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ትመስላለች፤ እንቁላልም ትጥላለች። ስለዚህ ዶሮዋን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም።

ከዶሮ የሚመጣው የሳልሞኔላ ሕመም ከታይፎይድ የተለየ ነው። ታይፎይድ የሚያመጣው የሳልሞኔላ ዓይነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በተበከለ ምግብና ውኃ አማካኝነት ነው።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው?

• ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች
• ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች
• ነፍሰ ጡር እናቶች
• በኤች አይ ቪ፣ በስኳር በሽታ፣ በካንሰር ወይም በሚወስዱት መድኃኒት ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች

ምልክቶች

የሳልሞኔላ ምልክቶች ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። የካምፒሎባክተር ምልክቶች ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያሉ። የሁለቱም ምልክቶች ተቅማጥ (አንዳንዴ ደም የተቀላቀለበት)፣ የሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ናቸው። አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት ገደማ ይድናል።

የዶሮ አያያዝ

• ለዶሮዎች ከመኖሪያ ቤትና ከማድ ቤት የተለየ ማደሪያ ይሥሩ። ቦታ ከሌለ ቢያንስ ሕፃን ከሚተኛበትና ምግብ ከሚዘጋጅበት ክፍል ያርቋቸው።
• ሕፃኑ የሚጫወትበትን ቦታ በየቀኑ ይጥረጉ፤ ንጹሕ ምንጣፍም ያንጥፉለት።
• ማደሪያውን ሲያጸዱ አቧራው እንዳይነሳ ውኃ ረጨት ያድርጉ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ለማደሪያው የተለየ ጫማ ይኑርዎት።
• ዶሮ፣ እንቁላል ወይም ኩስ ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠቡ። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይጠቀሙ።
• ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጫጩት እንዲይዙ ወይም እንዲስሙ አይፍቀዱ።
• የታመሙ ወይም የሞቱ ዶሮዎችን አርደው አይብሉ። ብዙ ዶሮዎች በአንድ ጊዜ ቢሞቱ ሳይነኳቸው ለአካባቢዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያሳውቁ።
• ለሰው የታዘዘ አንቲባዮቲክ ለዶሮ አይስጡ። ዶሮዎቹ መድኃኒት ከወሰዱ እንቁላላቸውን ለስንት ቀን መብላት እንደሌለብዎት ባለሙያውን ይጠይቁ።

የእንቁላል አያያዝ

• እንቁላል በየቀኑ ይሰብስቡ። የሚጥሉበትን ቦታ ጭድ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ።
• ጥቂት ቆሻሻ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። በቀዝቃዛ ውኃ አይዘፍዝፉት፤ ቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ባክቴሪያው ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።
• የተሰነጠቀ ወይም ኩስ የበዛበት እንቁላል ያስወግዱ።
• ቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ቀድሞ የተጣለውን ቀድመው ይጠቀሙ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የገባ እንቁላል እስኪበስል ድረስ እዚያው ይቆይ።
• ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ እንቁላል የቆየ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን የሚሰምጠው ሁሉ ከባክቴሪያ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ማብሰል

ሳልሞኔላ እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ወደ ውስጡ ሊገባ ስለሚችል ቅርፊቱ ንጹሕ መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም። አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር ድረስ ያብስሉት። ለጉልበት ወይም ለሳል ተብሎ ጥሬ እንቁላል መጠጣት፣ ከወተት ወይም ከማር ጋር ተመትቶ ቢሆንም፣ ለሕመም ያጋልጣል።

ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ስለሚበስል ወጡ ራሱ ብዙም አያሰጋም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዶሮው ሲታረድ፣ ሲበለትና ሲታጠብ ነው። ሎሚና ጨው ሽታውን ይቀንሳሉ እንጂ ባክቴሪያውን ሙሉ በሙሉ አያጠፉም። ያጠቡበትን ውኃ ምግብና ዕቃ ላይ ሳይረጩ ይድፉት። ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና ሳህኑን በሳሙና ሳያጥቡ ሰላጣ ወይም ሌላ ሳይበስል የሚበላ ምግብ አይሥሩበት። ከበዓል የተረፈ ወጥ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ ከመበላቱ በፊትም በደንብ ይፍላ።

ሕክምና

ዋናው ሕክምና የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ አር ኤስ) ከጤና ተቋም ወይም ከመድኃኒት ቤት ያግኙ፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውኃ መጠን በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ይስጡ። የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን ይቀጥል፤ ሌሎችም ምግብ አያቋርጡ። ተቅማጥ ለያዛቸው ልጆች በጤና ባለሙያ የሚታዘዘውን ዚንክ፣ ተቅማጡ ቢቆምም፣ እስከ መጨረሻው ቀን ይስጡ።

አብዛኛው ሰው አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው አይውሰዱ።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የሚከተሉት ከታዩ ሳይዘገዩ ይሂዱ፦

• ሰገራ ውስጥ ደም መታየት ወይም ከፍተኛ ትኩሳት
• ከ3 ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ
• የጠጡትን ሁሉ ማስመለስ
• የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መጎድጎድ፣ የሽንት መቀነስ ወይም ማዞር
• ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ከተቸገረ
• ሕመምተኛው ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ከሆነ
• ተቅማጡ ካለፈ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እግር ከደከመ ወይም ከደነዘዘ፤ ይህ ከካምፒሎባክተር በኋላ አልፎ አልፎ የሚከሰት የነርቭ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል

ለሐኪምዎ ቤት ውስጥ ዶሮ እንዳለና በቅርቡ ጥሬ ወይም ያልበሰለ እንቁላል ተበልቶ እንደሆነ ይንገሩ። ይህ ትክክለኛውን ምርመራ ለመምረጥ ይረዳዋል።